ደልደል ያለችው እህታችን ብስክሌቱን ለምን ተወችው?



የዛሬው ርዕሳችን አንዳንዱን ያስቃል፣ አንዳንዱን ያሳፍራል። ሁለታችሁም ትንሽ ታገሡን። ስለ ሴቶች የብስክሌት ቁምጣ ነው፤ ያውም ሞላ ላሉ እህቶች የሚሆነው፣ መቀመጫው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት።

ካዛንቺስ በ2017 በኮሪደር ልማት ፈርሶ ሲሠራ ከእግረኛው መንገድ ጎን የብስክሌት መንገድም ተዘረጋ። ከሴቶች ደርስ የማትቀር አንዲት እህታችን፣ ስኳር ስላለባት ሐኪሟ «ተንቀሳቀሺ» ብሏት፣ የወንድሟን ብስክሌት ተውሳ ከፈጅር በኋላ መንዳት ጀመረች። አሥር ቀን ሳይሞላት ተወችው። እኛ ወንዶቹ «ሰነፈች» አልን። «ድሮስ ለሴት ይሆናል እንዴ?» ያለም ነበር። በኋላ በቤት ሰዎቻችን በኩል ስንሰማ ጭኗ ተላልጦ፣ መቀመጫዋ ቆስሎ፣ በሶላት ላይ መቀመጥ እንኳ አቅቷት ነበር። ቁምጣ ፍለጋ አንድ የስፖርት ልብስ ሱቅ ብትገባ ሻጩ ከላይ እስከ ታች አይቷት «በአንቺ ልክ የለም» ብሎ ስቆ መለሳት።

ወላሂ አፈርን። በእሷ ሳይሆን በራሳችን።

እናታችን ዓኢሻ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ከነቢዩ ﷺ ጋር በእግር መሽቀዳደሟን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። መጀመሪያ ቀደመቻቸው፤ ኋላ ሰውነቷ ከወፈረ በኋላ ሲሽቀዳደሙ ቀደሟት፣ ይህቺ በዚያችኛዋ አሏት። ይህን ሐዲስ ሁላችንም በመድረሳ ተምረነዋል። ግን ልብ ያላልነው ነገር አለ፦ መወፈሯን የነገረችን እሷው ራሷ ናት፣ ያለ ምንም እፍረት። ከወፈረች በኋላም «ተቀመጪ» ያላት የለም፤ ደግማ ሮጠች። ታዲያ የኛ ሳቅ ከየት መጣ?

ወደ ቁምጣው እንመለስ፤ ጠይቀን የተረዳነውን እንንገራችሁ። ሥራው ሁለት ነው፦ በኮርቻው ላይ የሚያርፈውን የመቀመጫ አጥንት ማሳረፍ፣ ቆዳ ከስፌት ጋር እንዳይፋተግ መከልከል። ስለዚህ ከሥሩ የውስጥ ሱሪ አይለበስም፤ የሚልጠው የውስጥ ሱሪው ስፌት ነውና። ብዙዎች ይህን ሳያውቁ ደራርበው ለብሰው «ቁምጣው አይረባም» ይላሉ። ስፖንጁ በወፈረ ቁጥር ይመቻል ማለትም አይደለም፤ በጣም የወፈረው ይጠቀለላል፣ ያሞቃል። ለወንድ የተሠራውም ለሴት አይሆንም፤ የሴት መቀመጫ አጥንት ብዙውን ጊዜ ስለሚሰፋ ስፖንጁም ከኋላ ሰፋ ማለት አለበት። ሞላ ላለች እህት ደግሞ እግሩ ረዘም ብሎ ጭንና ጭን የሚነካካበትን ቦታ አልፎ የሚወርድ፣ የወገቡም ላስቲክ ሰፊ ሆኖ ስትጎነበስ የማይጠቀለል ይሁን። ልክ ላይ የተጻፈውን ፊደል አትመኑ፤ አንዱ ፋብሪካ «ኤክስ ኤል» ያለው ለሌላው «ሚዲየም» ነው። ወገብና ዳሌን በሜትር ለክቶ በሴንቲ ሜትር መጠየቅ ይሻላል። ጠበቅ ማለት አለበት፣ ማነቅ ግን የለበትም። አንዴ ከተነዳበት ሳይታጠብ አይደገምም። ላብ ነጃሳ አይደለም፤ የረጠበ ስፖንጅ ግን ቆዳን ያቆስላል።

«ቁምጣ ለሙስሊም ሴት?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ወንድሜ፣ ከሥር የሚለበስ ነው። ከላዩ ሰፊ ሱሪና እስከ ጉልበት የሚወርድ ልብስ ይደረባል፤ የሚያየው የለም። እንዲያውም የሚያስፈራን ረጅሙ ዓባያ ነው፤ ካቴና ወይም የኋላ ጎማ ውስጥ ከገባ ይጥላል። ካቴናው የተሸፈነ፣ መሐሉ ዝቅ ያለ ብስክሌት የሚመረጠው ለዚህ ነው። አፍጋናዊቷ ማሱማ ዓሊ ዛዳ እ.ኤ.አ. በ2021 ለስደተኞች ቡድን ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ የተወዳደረችው ፀጉሯን ሸፍና ነው። በአገሯ ሴት ብስክሌት ላይ ታየች ተብሎ ድንጋይ ይወረወርባት ነበር። እኛ ድንጋይ አልወረወርንም፤ ሳቃችን ግን ያው ሥራ ሠርቷል።

ነጋዴ ወንድሞቻችን፣ ገበያ አለላችሁ። ከውጭ ስታስመጡ ትልልቁንም ልክ ጨምሩ፣ ለሴቶች ልብስ ሴት ሻጭ አስቀምጡ። ስፌት የምታውቁ እህቶችም አስቡበት፤ ስፖንጁ ለብቻው ይሸጣል፣ የሚለጠጥ ጨርቅ ላይ መስፋት ለባለሙያ ከባድ አይደለም። ወፍራም ሰው ስትለኩ ግን ፊታችሁን ጠብቁ፤ የሻጩን ፊት እህታችን እስካሁን አልረሳችውም።

ኪርቆስና ካዛንቺስ አካባቢ በትልቅ ልክ የሚሸጥ፣ ሴት የምታስተናግድበት ሱቅ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ብስክሌቱን ለወንድሟ ገና አልመለሰችም።