ጣረ ሞት አዳኞችና የተዘጋው መስኮት

ሰሞኑን ከጓደኞቻችን መካከል ጥቂቶቹ ባትሪና ስልክ ይዘው በሌሊት ወደ አንድ አሮጌ ቤት ሄደው ነበር። ሲመለሱም ኮቴ ሰማን፣ ብርድ ብርድ አለን፣ በፎቶግራፉም ላይ ክብ ብርሃን አገኘን አሉ። ወሬው ከምግብ አዳራሹ ተነሥቶ ቤተ መጻሕፍቱን ካዳረሰ ወዲህ እኛም ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

አስቀድመን ግን ጓደኞቻችንን ውሸታሞች አላልናቸውም። ሰማን ካሉ ሰምተዋል። ነገር ግን ኮቴ የመሰለ ድምፅ መስማት አንድ ነገር ነው፤ ድምፁን የጣረ ሞት ነው ብሎ መፍረድ ሌላ ነገር ነው። ቀን ፀሐይ ያሰፋው የጣራ ቆርቆሮ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይንቋቋል። በካሜራ ብልጭታ ፊት የሚያልፍ የአቧራ ቅንጣትም ክብ ብርሃን መስሎ ይወጣል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1848 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ፎክስ የተባሉ እኅትማማቾች ሙታን በማንኳኳት ያነጋግሩናል ብለው ብዙ ሕዝብ አስከተሉ። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ከእነርሱ አንዷ ማርጋሬት በአደባባይ ቆማ ድምፁ የሚወጣው ከእግር ጣቷ መገጣጠሚያ መሆኑን አሳየች። በዓመቱ ቃሏን ብታነሣም፣ ተመልካቹ በጆሮው የሰማውን ልታነሣ አልቻለችም። በ1853 ደግሞ ፋራዴይ፣ መንፈስ ያንቀሳቅሰዋል የተባለውን ጠረጴዛ የሚገፉት ሳያውቁት የሰዎቹ የገዛ እጆች መሆናቸውን በቀላል መሣሪያ አረጋገጠ። ፋራዴይ ነገሩን ለካ።

በአገራችንም ዱካክ የማያውቅ ማን አለ? ሰው ይነቃል፣ መንቀሳቀስ ግን ያቅተዋል፤ አንዳች ነገር ደረቱ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ይህ የሚሆነው አእምሮ ነቅቶ ሰውነት ገና ከሕልም እንቅልፍ ሳይፈታ ሲቀር ነው። እንቅልፍ ማጣት ያባብሰዋልና በፈተና ሰሞን ብዙዎቻችንን ቢጎበኘን አይደንቅም።

ነገሩን ቀልድ አድርገን የማናልፍበት ምክንያት ግን የሚከተለው ነው። በ1921 (እ.ኤ.አ.) ዊልመር የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም፣ መንፈስ ሰፍሮበታል ስለተባለ ቤት በሕክምና መጽሔት ጻፈ። ቤተ ሰቡ ራሱን ያመው፣ ኮቴም ይሰማ፣ እንግዳ ሰውም ያይ ነበር። ኋላ ሲመረመር የቤቱ ማሞቂያ ምድጃ ተበላሽቶ መርዘኛ ጋዝ ይለቅ ኖሯል። ጋዙም ቀለምና ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል።

ይኸው ጋዝ ከከሰላችንም ይወጣል። በክረምት ብርድ መስኮት ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ስንቶች እንዳልነቁ በየጊዜው እንሰማለን። እንግዲህ በአንድ ክፍል የሚያድሩ ሁሉ ራሳቸውን እያመማቸው ጥላ አየን ቢሉ፣ ነገሩን ለጣረ ሞት የሰጠ ሰው መስኮቱን ሳይከፍት ይቀራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይህ ነው።

የሃይማኖትን ጉዳይ ልንዳኝ አልተነሣንም። ያልታወቀ ነገር ሲገጥመን «አላወቅንም» ማለት ለተማሪ ውርደት እንዳልሆነ ለማሳሰብ ነው እንጂ። ጓደኞቻችን ወደዚያ ቤት ዳግመኛ ከሄዱ እኛም አብረን እንሄዳለን፤ ነገር ግን በቀን ሄደን ጣራውን፣ ሽቦውንና ምድጃውን አስቀድመን እንይ እንላለን።