ከሻንጣ የሚወጣ በዓል

ሀርጌሳ አየር ማረፊያ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ስንቀበል ዓይናችን ሻንጣው ላይ ነው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ። ደስ ይለናል፣ አንክድም። የመስከረም የበቆሎ እሸት ግን በሻንጣ አይመጣም፤ ልጆቻችንም ምግብ ወቅት እንዳለው ሳያውቁ እያደጉ ነው። አይርላንዳውያን ድንችና ጎመን ደቁሰው ኮልካነን የሚሉትን የሚበሉት በጥቅምት መጨረሻ፣ አዝመራ ሲገባ ነው። እዚህም ሶማሌዎች «ጉ» የሚሉት ዝናብ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሲጥል ወተት ይበዛል። ፋሲካችንም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ዝናብ ጋር ይገጥማል፤ እኛ ግን 55 ቀን ጾመን የምንፈታው በቆርቆሮ ወተት ነው! ወላጆች ሆይ፣ በመጪው ሚያዝያ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወተት ሻጮቹ እናቶች ዘንድ ሂዱ። የግመሉን ለማይጠጣ የፍየልም አለ።