የክረምት ተከራይ በሀዋታ

በሱዳን ምሥራቅ፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ ከጣና ምዕራብ ካሉት ተራሮች በሚወርደው በራሃድ ወንዝ ዳር የምትገኘው ሀዋታ ትንሽ ከተማ ናት። ገዳሪፍን ከሰናር የሚያገናኘው የባቡር ሐዲድ በ1921 ዓ.ም. ገደማ ከተዘረጋ ወዲህ የሰሊጥና የማሽላ ነጋዴ ሲመላለስባት ኖሯል። በእንዲህ ያለች ከተማ የኪራይ ቤት የሚፈልግ እንግዳ ሻይ ቤት ተቀምጦ ይጠይቃል፤ የሚያውቅ ሰው ወደ ባለቤቱ ይመራዋል፤ ዋጋው በቃል ይቈረጣል፤ ወረቀት የሚባል ነገር አይነሣም።

ይህ ልማድ ሰው ለሰው በሚተዋወቅበት ጊዜ መልካም ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት ግን ፈተነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ሲንጃ በፈጥኖ ደራሽ ኀይል እጅ በወደቀች ጊዜ፣ ከሰናር ግዛት እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ሸሸ። ትምህርት ቤቶች ማደሪያ ኾኑ፤ የቤት ኪራይም ናረ። ሲንጃ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ወደ መንግሥት ጦር እጅ ብትመለስም፣ የተሰደደው ኹሉ ወደ ቤቱ አልገባም።

ባለቤቱን ብቻ ስግብግብ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍርድ አይኾንም። ከጦርነቱ በፊት አንድ ዶላር በ600 የሱዳን ፓውንድ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ክረምት በገበያው ከ2000 ፓውንድ አልፏል። ያንኑ ኪራይ የሚቀበል ባለቤት፣ ምናልባትም ከዚያች አንዲት ቁጢያ በቀር ሌላ ገቢ የሌላት መበለት፣ በየወሩ የምትሸምተው እህል እያነሰ ይሄዳል። ዋጋ ልጨምር ማለቷ የሚያስነውር አይደለም። የሚያስነውረው ጊዜው ነው።

የዚያ አገር ጥቁር መሬት በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ እግርንም መንኰራኵርንም ይውጣል። ስለዚህ «በአንድ ወር ውስጥ ውጣ» የሚለው ቃል በየካቲትና በነሐሴ አንድ ትርጕም የለውም። በየካቲት የወጣ ተከራይ ዕቃውን ጭኖ ሌላ ከተማ ይሞክራል፤ በነሐሴ የወጣው ግን መንገዱ ተዘግቶበት፣ ራሃድ ሞልቶበት ከነልጆቹ በሰው ደጅ ይቀራል።

ከዝናቡ በፊት ያሉት የሐሩር ወራትም ቢኾኑ ውጭ ለሚያድር ሰው የሚያሠጉ ናቸው። ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዚያው በተሰነጠቀ መሬትና በግራር፣ በበደኖ ዛፍ ሥር ትኖራለች። ይህን በመተማና በሑመራ ለአጨዳ የወረደ ኹሉ ያውቀዋል። ቤት ያጣ ሰው ደግሞ ከዛፍ ሥር በቀር ወዴት ያድራል?

እንግዲህ መፍትሔው ኪራይን ለዘላለም አንቆ መያዝ አይደለም። ከግንቦት 1 ቀን እስከ ጥቅምት 30 ቀን ድረስ ኪራዩን የከፈለ ተከራይ እንዳይወጣ፣ ዋጋውም እንዳይነካ ሊወሰን ይገባል። ሰሊጡ ከታጨደ በኋላ፣ ኅዳር ላይ፣ ለሠራተኛውም ለነጋዴውም ገንዘብ በእጁ ሲገባ፣ ባለቤትና ተከራይ ስለ ዋጋው ይነጋገሩ። በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቍጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲኾን፣ ዘመኑም ከኹለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከኹለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ አዟል። ኹለት ዓመት ነገዋን ለማታውቅ ለሀዋታ ይበዛባት ይኾናል፤ ስድስት ወር ግን አይበዛም።

ለዚህም ዳኛ እስኪሾም መጠበቅ አያሻም፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ኹለት ምስክሮችና አንድ ወረቀት ይበቃሉ። ወረቀቱ በዐረብኛ የሚጻፍ እንደ መኾኑ፣ ፊደሉን የማያነብ ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ በምስክሮቹ ፊት በሚሰማው ቋንቋ ተተርጕሞለት ይፈርም፤ አንዱም ቅጅ በእጁ ይቅር።