የጀልባ ሞተር ውሃ ሲያጣ

ቤተ ሰቡን ይዞ በጣና ሐይቅ የሚሻገር ሰው፥ አስቀድሞ ከሞተሩ የምትወጣውን ቀጭን የማቀዝቀዣ ውሃ ይመልከት። እርስዋ ከቀጠነች ወይም ከተቋረጠች፥ ሞተሩ በግለት እንዳይበላሽ ያሰጋል። «ዳር ለመድረስ ጥቂት ቀረን» ብሎ መንዳት አይገባም። ወዲያው አጥፍቶና ከውሃው ወደ ላይ አንሥቶ፥ የውሃውን መግቢያ ከጭቃና ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሐይቁን ካስቸገረው እምቦጭ ማጽዳት ነው። መግቢያው ንጹሕ ከሆነ፥ የመውጫውን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ መጥረግ ይገባል። ይህም ካልረዳ፥ ውሃ የሚስበው የፓምፑ የጎማ ክንፍ አልቆ ይሆናልና በባለሞያ ይለወጥ። ይህን ክንፍ ፈጥኖ የሚያበላሸው፥ ሞተሩን በየብስ ሳለ ያለ ውሃ ማስነሣት ነው። ደግሞም መቅዘፊያ ሳይዙ ከዳር እንዳይርቁ እናሳስባለን፤ በባሕር መካከል ሞተሩ የቆመበት ሰው ቤተ ሰቡን ለነፋስ አሳልፎ ይሰጣልና።