ከጎናችን የተቀመጠው ማን ነው?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቴአትር ነው፤ ነገር ግን ከአዳራሽ ሳይሆን ከገበያ እንጀምራለን።

በታች ጋይንት አርብ ገበያ የምትባል ከተማ አለች። ስሟ ራሱ እንደሚናገረው የዓርብ ገበያ የሰየማት ከተማ ናት። ከእናንተ መካከል ተወልዶ ያደገባት ወይም ለሥራ የተመደበባት ቢኖር የገበያውን መልክ ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል። ደገኛው ገብሱን ጭኖ ይመጣል፤ ቆለኛው ማሽላውን ይዞ ይወጣል። ወረዳው ከወሎ ጋር ይዋሰናልና ከወዲያ ማዶ የሚመጣም አይጠፋም። ክርስቲያኑና እስላሙ፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ነጋዴው፣ ተማሪውና የመንግሥት ጸሐፊው ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ ይተሻሻሉ።

በዚህ መካከል አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ወደ ጠላ ቤት ጎራ ያለ እንደ ሆነ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ገና ሳይጀምር ዓይኑን በተቀመጠው ሰው ላይ ያዞራል። ማን ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንዳዘነ፣ ማን ደስ እንዳለው፣ ማን ቢነኩት እንደሚቆጣ በዓይኑ ይመዝናል። ከዚያ በኋላ ይጫወታል። አድማጩም ዝም ብሎ አይሰማም፤ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል። አዝማሪውና አድማጩ በአንድነት ይሠሩታል ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። አዝማሪው በጠላ ቤት የሚያደርገውን ይህን ጥንቃቄ እኛ በቴአትር አዳራሽ እናደርገዋለን ወይ? ትኬት ቆርጠን ከገባን በኋላ መድረኩን ብቻ እናያለን እንጂ ከጎናችን ማን እንደ ተቀመጠ፣ ይልቁንም ማን እንዳልተቀመጠ እንጠይቃለን ወይ?

እስቲ የአገራችንን የቴአትር ታሪክ በተመልካቹ በኩል እንየው። ማን እንደ ደረሰውና ማን እንደ ተጫወተው ብዙ ጊዜ ይነገረናል፤ ማን ተቀምጦ እንዳየው ግን እምብዛም አይነገረንም።

በዘመናዊ መልክ ተጽፎ የታየው የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜድያ» መሆኑ የታወቀ ነው። ተክለ ሐዋርያት በሩሲያ ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ። በ1910ዎቹ ዓመታት ቴአትራቸው በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ሲታይ የተቀመጡት መኳንንቱና የውጭ አገር እንግዶች ነበሩ። በአውሬዎች ተረት አሳብቦ የሚወቅሰው ደግሞ የዘመኑን አስተዳደር ነበር። ስለዚህ ተወቃሹና ተመልካቹ አንድ ሆነው ተገኙ። ነገሩ ቁጣን አስነሣ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ቴአትር ተከለከለ። ወቀሳው የሚጠቅመው ባላገር ግን በዚያ አዳራሽ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ምን ይል ነበር? መልሱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ በቀረበ ጊዜ በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ሕዝቡን ለአገሩ ነጻነት ለማንቃት በንግግርና በዘፈን ይቀሰቅስ ነበር። የተፈለገው ተመልካች አሁን መኳንንት ብቻ አልነበረም፤ መንገደኛው ሁሉ ተፈለገ። ያገር ጭንቅ በመጣ ጊዜ የአዳራሹ በር ሰፋ። ይህን ልብ በሉ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጠላት አገራችንን ከያዘ በኋላ ግን ሰውን በቆዳው ቀለም የመለየት ሕግ መጣ። ኢጣልያ በሰኔ 1931 ዓ.ም. ያወጣችው ሕግ፣ ለአገሬው ሰው ተለይተው የተመደቡትን የሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች የሚያዘወትረውን ኢጣልያዊ እንኳ ይቀጣ ነበር። አስቡት! አብሮ መቀመጥ ወንጀል ሆነ። ገዢ ሰዎች አብረው እንዳይቀመጡ ይህን ያህል የሚጨነቅበት ምክንያት አለው። በአንድ ቀልድ አብረው የሳቁ፣ በአንድ ሐዘን አብረው ያለቀሱ ሰዎች፣ ከአዳራሹ ሲወጡ አንዱ ሌላውን እንደ ዕቃ ለመቁጠር ይቸግራቸዋልና።

ይህ ክፉ ልማድ በኢጣልያ ብቻ የነበረ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ናሽናል ቴአትር የሚባል የታወቀ ቴአትር ቤት አለ። በዚያ ቤት ጥቁር ሰው በመድረክ ላይ መጫወት ይችል ነበር፤ ትኬት ገዝቶ ከነጮች ጋር መቀመጥ ግን አይችልም ነበር። ተዋናዮቹ በማኅበራቸው በኩል «ተመልካቹ በዘር በሚለይበት ቤት አንጫወትም» ብለው አደሙ። የቤቱ ባለቤቶች ደግሞ ጥቁሩን ከሚያስገቡ ቴአትሩን መዝጋት መረጡና በፈረንጅ አቆጣጠር በ1948 ወደ ሲኒማነት ለወጡት። ቤቱ ለሁሉም ተመልካች በሩን ከፍቶ ወደ ቴአትርነት የተመለሰው በ1952 ነው።

በደቡብ አፍሪካም እንዲሁ ሆነ። በጆሃንስበርግ ባርኒ ሳይመንና ማኒ ማኒም የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1976 በፈረንጅ አቆጣጠር አንድ ቴአትር ቤት አቋቋሙ። ወቅቱ የሶዌቶ ተማሪዎች ደም የፈሰሰበት የሰኔ ወር ነበር። የዘር መለያየትን ሕግ ሳይፈሩ ጥቁሩንም ነጩንም በአንድ አዳራሽ አስቀመጡ። ቤቱ ቀድሞ ምን እንደ ነበረ ታውቃላችሁ? የህንዶች የፍራፍሬ ገበያ! ስሙም እስከ ዛሬ «የገበያ ቴአትር» ነው። የአርብ ገበያ ልጅ ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ሰው ከሰው ጋር የመቀላቀልን ጥበብ ከገበያ የበለጠ የሚያስተምር ስፍራ እንደሌለ እርሱ ያውቀዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። ከዚያ ወዲህ ለአማርኛ መድረክ ከደከሙት አንዱ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። በአምቦ አካባቢ ኦሮምኛም አማርኛም እየሰማ ያደገው ይህ ሰው የሼክስፒርን «ኦቴሎ» በአማርኛ አቀረበልን። ኦቴሎ በነጮች ከተማ የሚኖር ጥቁር የጦር አለቃ ነው። የለንደን ተመልካች ሲያየው ባይተዋሩ ኦቴሎ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ተመልካቹን ይመስላሉ። የአዲስ አበባ ተመልካች ሲያየው ግን ወገኑ ኦቴሎ ነው። ቃሉ ያው ነው፤ የተቀመጠው ሰው ሲለወጥ ግን ቴአትሩ ራሱ ተለወጠ። እንግዲህ ተመልካች ወንበር የሚሞላ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

«በእኛ አገር ማን ከቴአትር በር ተመልሶ ያውቃል? ትኬት የያዘ ሁሉ ይገባል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በበሩ ላይ የተጻፈ ክልከላ የለም። ያልተጻፈ ግን አለ። አንደኛው ገንዘብ ነው፤ ለትኬቱም ለመጓጓዣውም የሚበቃ የሌለው ሰው በሩን አልፎ ይሄዳል። ሁለተኛው ርቀት ነው፤ ከጋይንት ተነሥቶ አዲስ አበባ ቴአትር ሊያይ የሚሄድ ገበሬ የለም። ሦስተኛው ቋንቋ ነው፤ ሰማኒያ የሚያህል ቋንቋ በሚነገርበት አገር ታላላቆቹ መድረኮች ብዙ ዘመን የኖሩት በአንዱ ነው። አራተኛው ከሁሉ ይብሳል፤ ስለ እርሱ የገጠመኝን ላጫውታችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የዓመቱን መዝጊያ በቴአትር ሲያከብሩ ተጋብዤ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠው ከሌላ ክፍለ አገር በቅርቡ ተመድቦ የመጣ አንድ ወጣት ጸሐፊ ነበር። በቴአትሩ ውስጥ አማርኛ የሚሰባብር አንድ ሰው አለ። ሌላ ሥራ የለውም፤ ቃል እየሰበረ ማሳቅ ብቻ ነው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሻችሁም፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ወጣቱም ሳቀ፤ ግን ከሁላችንም ዘግይቶ ነበር። ስንወጣ እጅ ነሣኝና በዝግታ፣ «ጋሼ፣ እናቴ እኮ አማርኛ የምትናገረው እንደዚያ ነው» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሳቄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሐፍረት ተለወጠብኝ።

ያ ወጣት ትኬት አልተከለከለም። ወንበሩም ከወንበሬ አያንስም ነበር። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ከአዳራሹ ተባርሮ ነበር፤ ካባረሩትም አንዱ እኔ ነኝ። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ይላል ያገራችን ሰው፣ የሌላው ሕመም ለማይሰማው ሲተርት። ቀጥቃጩን በቡዳነት፣ ሸክላ ሠሪዋን በዓይነ ጥላ፣ ባላገሩን በሞኝነት፣ ከሌላ አገር የመጣውን በአነጋገሩ እየቀለድን አዳራሹን የምናስቅ ከሆነ፣ እነዚህ ሰዎች ለምን ወደ ቴአትር አይመጡም ብለን መጠየቅ አንችልም። ማረሻችንን የሠራውና እንስራችንን ያበጀችው እነርሱ ናቸው፤ በገበያ የምንፈልጋቸውን በመድረክ መሳቂያ ማድረግ ምን ይባላል?

ይህን ስል ቴአትር አያሹፍ ማለቴ አይደለም። ቴአትር ካላሾፈ ስብከት ይሆናል። ፋቡላም ያሾፍ ነበር፤ ነገር ግን ያሾፈው በባለሥልጣኑ ላይ ነው። ወደ ላይ የተወረወረ ቀልድና በወደቀ ሰው ላይ የተወረወረ ቀልድ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ድፍረትን ይጠይቃል፤ ሁለተኛውን ማንም ይችለዋል።

እናንተ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ሆይ፣ ይህን የምነግራችሁ መድረኩ በእጃችሁ ስላለ ነው። በየትምህርት ቤቱ የቴአትር ክበብ የምታቋቁሙት፣ በየመሥሪያ ቤቱ በዓል ሲከበር ጨዋታ የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ። እንግዲህ ሦስት ነገር ላስቸግራችሁ። መጀመሪያ፣ ቴአትራችሁን በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሜዳ ላይ አሳዩት፤ ያኔ ትኬትም ርቀትም የማያግደው ሰው ይመጣላችኋል። ሁለተኛ፣ በመካከላችሁ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ካለ በመድረክ ላይ በቋንቋው ይናገር፤ ቃሉ ባይገባን እንኳ ፊቱ ይነግረናል፤ የአፍ መፍቻው ቋንቋ ሲሰማ ቀና የሚል ሰውም በተመልካቹ ውስጥ ይኖራል። ሦስተኛ፣ አንድን ቀልድ ከማስገባታችሁ በፊት እንደ አዝማሪው ዓይናችሁን አዙሩ። «የሚቀለድበት ሰው እናት ከፊተኛው ወንበር ብትቀመጥ ይህን እንጫወተው ነበር?» በሉ። አዎን ካላችሁ ተጫወቱት። አይ ካላችሁ ሰርዙት፤ ቴአትሩ አይጎድልበትም።

የአገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. በሩን ለሁሉ የከፈተው ጠላት ከደጅ ሲደርስ ነበር ብያችሁ ነበር። ሰው ለሰው በሩን ለመክፈት ሁልጊዜ ጠላት እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። ዓርብ በመጣ ቁጥር ያ ሁሉ ልዩ ልዩ ሰው ያለ ጥሪ ወረቀት ተሰብስቦ ይውላል፤ ተገበያይቶም በሰላም ይለያያል። ገበያው ይህን ከቻለ አዳራሹ ምን ይሳነዋል?

ያ ወጣት ጸሐፊ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ቴአትር በገባሁ ቁጥር ግን መብራቱ ሳይጠፋ ወደ ቀኝና ወደ ግራዬ እመለከታለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው ሰላም በሉት፤ ከዚያ መጋረጃው ይከፈት።