ይምከሩ እንጂ አይመከርባቸው

በዱባይ ለኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል ኃላፊዎች፣
በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ለኢትዮጵያውያን ኮሚዩኒቲ አስተባባሪዎች፤

የምጽፍላችሁ በነዚህ ሦስት ከተሞች በሰው ቤት ተቀጥረው ስለሚሠሩ እህቶቻችን ነው። ስለ ኮንትራታቸው፣ ስለ ደመወዛቸው፣ ስለ ፓስፖርታቸው፣ ሲያልፉም አስከሬናቸው ወደ አገር ስለሚሸኝበት መንገድ እንመክራለን። በምክሩ ላይ ግን ባለጉዳዮቹ የሉም።

የቀሩት ጉዳዩ ግድ ሳይሰጣቸው ቀርቶ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ስብሰባ የምንጠራው ቢሮ በሚዘጋበት ቀን ነው። ቢሮ ሲዘጋ አሠሪያቸው ማዳምም፣ ባለቤቷም፣ ልጆቹም ቤት ይውላሉ፤ እንግዳም ይመጣል። እኛ የምናርፍበት ቀን ለእነርሱ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን፣ በየዕለቱም 12 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኙ ደንግጓል። ያ አንድ ቀን ግን ከስብሰባችን ጋር የሚገጥመው ለስንቷ ነው?

ስልክ ግን አብዛኞቹ አላቸው። ማታ ሥራ ሲያልቅ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጨርሱት፣ አገር ቤት የሚሠራውን ቤት የሚቆጣጠሩት፣ የወንድማቸውን ሠርግ የሚደግሱት በዚያው ስልክ ነው። ከባሕር ማዶ ሆነው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሴቶች ስለ ራሳቸው ጉዳይ መምከር አያቅታቸውም።

የምንኖርበት አገር ራሱ ያሳየን ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከፌዴራል ብሔራዊ ምክር ቤቱ 40 መቀመጫዎች ግማሹ ለሴቶች ሆነ። በ2023ቱ የምክር ቤቱ ምርጫ ደግሞ መራጮች ካሉበት ሆነው በስልካቸው ድምፅ መስጠት ቻሉ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ መቀመጫ በሌለበት ስልክ ብቻውን ማስታወቂያ መለጠፊያ ከመሆን አያልፍም። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 6 ሴቶች በተለይ ጥቅማቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው በተሟላ ሁኔታ እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል።

ስለዚህ አራት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ አጀንዳው ከስብሰባው ሳምንት ቀድሞ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ በድምፅ ተቀድቶ ይላክላቸው። የዋትሳፕ ጥሪ እዚህ ባይሠራም የድምፅ መልእክቱ ይሠራል። ማንበብ ያልታደለችው ትሰማለች፤ ሌሊት ላይ ጊዜ ስታገኝም ትመልሳለች።

ሁለተኛ፣ ከኮሚዩኒቲው ኮሚቴ መቀመጫዎች ግማሹ ለሴቶች ይሁን፤ ከእነርሱም ውስጥ በሰው ቤት የሚሠሩ ይኑሩበት። በስልክ ይመረጡ፣ በስልክም ይሳተፉ።

ሦስተኛ፣ የተወሰነው ምን እንደሆነ፣ ያልተቻለውም ለምን እንዳልተቻለ በዚያው መንገድ ይነገራቸው። አንዴ ጠይቃ መልስ ያጣች ሴት ሁለተኛ አትጠይቅም፤ እኛም ዝምታዋን እንደ ስምምነት እንቆጥረዋለን።

አራተኛ፣ ምስጢራቸው ይጠበቅ። መልእክቱን የምትቀበለው የታመነች ሴት ትሁን፤ ስም የግድ አይጠየቅ፤ ሐሳቡ ከተመዘገበ በኋላ ድምፁ ይጥፋ። አሠሪ ወይም ኤጀንሲ ጆሮ የደረሰ ቅሬታ እንጀራ ያሳጣል። መዋጮም ከዚህ ጋር አይደባለቅ፤ ያለ ፈቃድ ገንዘብ ማሰባሰብ በዚህ አገር ያስቀጣል።

ስልካቸው የተወሰደባቸው እህቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይህ መንገድ በቀጥታ አይደርስላቸውም። ነገር ግን በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ፣ ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ የሚያገኟቸው ሌሎች እህቶች አሉ። እነዚያ የሚናገሩበት በር ከተከፈተላቸው የታፈኑትንም ጉዳይ ይዘው ይመጣሉ።

የምለምናችሁ ነገር አዲስ ሕንፃም ብዙ በጀትም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሥልጣን ለማካፈል ፈቃደኛ መሆንን ነው። የሚቀጥለውን ስብሰባ ስትጠሩ አስቀድማችሁ ጠይቋቸው፤ መልሳቸው ሳይሰማም እነርሱን የሚመለከት ውሳኔ አታጽድቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሻርጃ የምትኖር ኢትዮጵያዊት