ማለቂያ የሌለው በጋ



ባለፈው ሻባት ከወጣ በኋላ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ «ዘ ኤንድለስ ሰመር» የተባለውን የድሮ የሰርፍ ፊልም ሳይ ርዕሱን ተርጉምልኝ አለችኝ። «ማለቂያ የሌለው በጋ» አልኳት። «ወይ ጉድ! በጋው ካላለቀማ ምን ሊበላ ነው?» አለች። እውነቷን ነው፤ ለገበሬ እንዲህ ያለ በጋ ድርቅ ነው!

ለካሊፎርኒያ ልጆች ግን በጋ ማለት ሞቃት ባሕር ነው። ብሩስ ብራውን ካሜራውን ይዞ ማይክ ሃይንሰንንና ሮበርት ኦገስትን ተከተላቸው። በጋውን እያሳደዱ ሴኔጋልን፣ ጋናን፣ ናይጄሪያን፣ ደቡብ አፍሪካን፣ አውስትራሊያን፣ ኒውዚላንድንና ታሂቲን ዞሩ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1966 በየሲኒማ ቤቱ ታየ፤ ዛሬም ሰው ይወደዋል።

ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ የፊልሙ ታሪክ የፍለጋ እንጂ የውድድር ታሪክ ስላልሆነ ነው። ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ሴንት ፍራንሲስ ላይ የአሸዋውን ክምር በእግር ተሻግረው ያን የሚያምር ማዕበል ሲያገኙ፣ ደስታቸው ወደ እኛም ይጋባል። ወታደር ሳለሁ ሁሉም ነገር በሰዓትና በትእዛዝ ነበር። ማዕበልን ግን ማንም አያዘውም። እንደ መና ነው፤ የዛሬውን ዛሬ ትቀበላለህ እንጂ ለነገ አታሳድረውም።

ቢሆንም ዓይናችንን ጨፍነን አንውደደው። ጋና ላይ ተራኪው የአገሩን ሰዎች ሰርፍ የሚባል ነገር አይተው እንደማያውቁ አድርጎ ይቀልዳል። ነገር ግን በ1830ዎቹ ጀምስ አሌክሳንደር የተባለ ብሪታኒያዊ መኮንን የአክራ ልጆች በቀላል ሰሌዳ ላይ ተኝተው ማዕበል ሲጋልቡ አይቶ ጽፏል። ፊልሙ ከመሠራቱ 130 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው!

ይህ ነገር እኛን ቤተ እስራኤልን ያመናል። አባቶቻችን ሻባትን በስንት መከራ ጠብቀው ኖረው ሳለ፣ እዚህ ስንመጣ እምነቱን ገና ዛሬ እንደምንማር አድርገው ያዩን ሰዎች ነበሩ። አንተ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኸው ነገር ሁሉ፣ ያን ቀን ተጀመረ ማለት አይደለም።

እኔ ፊልሙን ደግሜ አየዋለሁ፤ ለልጆችም አሳያለሁ። ጋና ላይ ስንደርስ ግን አቁሜ የአክራን ልጆች ታሪክ እነግራቸዋለሁ። እናቴማ መንገር አላስፈለጋትም። ልጆቹ ባሕር ውስጥ ሲገቡ አየቻቸውና «እነዚህማ ውኃውን ያውቁታል» አለች።

ቸር ይግጠመን።